በአቮካዶው ላይ የዋልኩበት ቅዳሜ

አስቴርን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለት ጊዜ ተከልክያለሁ። ሦስተኛው ልመና የተቀጠረው ለአንድ ቅዳሜ ነበር። ያን ቅዳሜ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አቮካዶ ዛፍ ላይ ታግቼ ዋልኩ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን አልቅሻለሁ፣ ያውም ሰፈርተኛ ቀና ብሎ እያየኝ።

የቦምቤ ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍልን ተፈትኜ ውጤቱ አላወላዳ ሲለኝ ወደ ሶዶ ወጣሁና ዛፍ ቆራጭ ሆንኩ። ዛፍ ቆራጭ ስላችሁ ጫካ የሚመነጥር እንዳይመስላችሁ። የኛ ሥራ ከተማ ውስጥ ነው። ጣራ ላይ የተኛ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ሽቦ የነካ ግራቪላ፣ ግድግዳ የሚገፋ ዋንዛ ይኖራል። እኛ ክረምት ሳይገባ እንቆርጠውና ምንም ሳንሰብር በገመድ እናወርደዋለን። ሦስት ነበርን። እኔ እወጣለሁ፣ ባሳ ገመድ ይይዛል፣ ማቲዎስ የወረደውን ይፈልጣል። ሰፈሩ “ጉሬዛዎቹ” ይለን ነበር።

ሥራችን ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ ሰው ዛፍ ላይ እያለ “ወደቀ” የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም። ቅርንጫፍ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። ሁለተኛው፣ መጋዝ የነከሰውን ቅርንጫፍ የጀመረው ሰው ይጨርሰዋል፤ ሳይጨርስም ከዛፉ አይወርድም። ግማሹ የተቆረጠ ቅርንጫፍ መቼ እንደሚመጣ አይናገርማ። እንኳን ሌላ ሰው፣ የቆረጠው ራሱ አያምነውም።

አስቴርን ያወቅኳት በሥራ ላይ ነው። አክስቷ ቤት ግራቪላ ስቆርጥ ከታች ሆና “አንተ ሰውዬ፣ እናት የለህም ወይ?” ብላ ጮኸችብኝ። “አለችኝ” አልኳት። “እንግዲያው እሷን አስባት” አለችኝ። ከዚያ በኋላ የአክስቷን ግራቪላ ያለ አስፈላጊነቱ ሦስት ጊዜ ከረከምኩት፤ ዛፉ መጨረሻ ላይ የጀበና ክዳን አከለ። አባቷ አቶ ሻንካ በዴሳ በምትባል ከተማ እህል ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ሽማግሌ ስልክ “ልጅቷ ገና ናት” አሉ። በሁለተኛው ግን እውነቱን ተናገሩ። “ልጄን ለሚወድቅ ሰው አልሰጥም። ዛሬ ባይወድቅ ነገ ይወድቃል። ልጄ በጥቁር ልብስ ታረጃለች” አሉ።

ከዚያ አስቴር አንድ ወሬ ላከችብኝ። በዴሳ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷም “ከመሬት የማይርቅ ሰው” እያሉ ሱቀኛውን ያሞግሱታል። እንግዲህ ቅዳሜን ካሳለፍኩ አስቴርን አጣለሁ። አባቴ ሞቷል። ስለዚህ የአባቴን ሁለት ጓደኞች ከቦምቤ አስጠራሁ። ቀትር ላይ ሶዶ መናኸሪያ ይወርዳሉ፣ እኔ ተቀብዬ በዴሳ ድረስ አደርሳቸዋለሁ። በዴሳን ረግጠው አያውቁም። ሞባይል ደግሞ ያኔ የኃላፊና የትልቅ ነጋዴ ዕቃ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባሳ “አንዲት ትንሽ ሥራ አለች” ብሎ መጣ።

“ዛሬ አልሠራም። ቀኔ ነው” አልኩት።

“አንዲት ቅርንጫፍ ናት። ረፋድ ላይ ጨርሰህ፣ ታጥበህ፣ ተቀብተህ መናኸሪያ ትደርሳለህ። ለሙሽራ ትንሽ ላብ መልካም ነው፣ ፊት ያበራል።”

ሥራው የጋሽ አንጁሎ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ዛሬም ጣታቸውን እንደ ጠመኔ ያነሳሉ። ጎረቤታቸው ጋሽ ገብሬ የበርበሬ ነጋዴ፣ የሰንበቴ ማኅበራቸው መሪ ናቸው። አቮካዶው የበቀለው በጋሽ ገብሬ ግቢ ነው። ትልቁ ቅርንጫፉ ግን አጥሩን ተሻግሮ በጋሽ አንጁሎ ማድ ቤት ቆርቆሮ ላይ ተንጋሎ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ከተዘጋጉ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱን መላው ሰፈር ያውቀዋል። ከሌላ ከተማ የመጡ ሰባኪ በጋሽ አንጁሎ ግቢ ቆመው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ነበር። “ጌታ ሆይ፣ ከላይ ላክልን” ሲሉ አንድ አቮካዶ መጥቶ አናታቸው ላይ አረፈ። ከአጥሩ ወዲያ ጋሽ ገብሬ ሳቁ። ሳቃቸው ደግሞ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ጋሽ አንጁሎ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገሯቸውም። ሚስቶቻቸው፣ የጋሽ ገብሬዋ እማማ ዘነበችና የጋሽ አንጁሎዋ እማማ ማርታ ግን ኩርፊያውን አልተቀበሉትም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ጨውም ወሬም ይለዋወጡ ነበር።

መሰላላችን አጭር ስለሆነ እማማ ዘነበች በግቢያቸው የራሳቸውን ከግንዱ ጋር አቆሙልን። “ገብሬ ገበያ ነው። ቶሎ አድርጉት፣ ይኼ ቅርንጫፍ በርበሬ የማሰጣበትን ፀሐይ ወስዶብኛል” አሉ። ወደ ግቢያቸው ገብቼ በመሰላሉ እስከ መጀመሪያው ባላ ወጣሁ፣ ከዚያ በላይ በእጄና በእግሬ። ወገቤን ከግንዱ ጋር በጠፍር አሰርኩ። ቅርንጫፉን በገመድ ጠፈርኩት፤ ገመዱን በላይኛው ባላ አሳልፌ ለባሳ ለቀቅኩለት። ባሳም በጋሽ አንጁሎ ግቢ ጥግ ባለ ግራቪላ ላይ ጠምጥሞ ያዘ። የአቮካዶ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይገነጠላል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ገዘገዝኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ የበር ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ገብሬ ከገበያ ተመልሰዋል።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መሰላሉን አዩት። ምንም ሳይናገሩ ሄደው መሰላሉን ከዛፉ ላይ አነሱና በግድግዳቸው ላይ አጋደሙት።

“ጋሽ ገብሬ፣ እኔ እኮ ላይ ነኝ” አልኳቸው።

“አየሁህ። እኔ ሰው አልነካሁም። የራሴን መሰላል ነው ያነሳሁት።”

ቀጥለው አንዲት የእንጨት ዱካ ከቤት አወጡና ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲለቅ የሚወናጨፍበት ቦታ ላይ ልክክ ብለው ተቀመጡ። “ይኼም የራሴ መሬት ነው” አሉ።

ነገሩን በደንብ ተመልከቱልኝ። ብቆርጥ እሳቸውን እገድላለሁ። ባልቆርጥ ደንባችን አያስወርደኝም። ደንቡን ብጥስ እንኳ መሰላል የለም፣ ያለን አንድ ገመድ ደግሞ ቅርንጫፉን ይዟል። ገመዱ ቢፈታ የእማማ ማርታ ማድ ቤት ከነጣራው ይሄዳል። ማቲዎስ ወደ ቀበሌ ሮጠና ተመለሰ።

“ሁሉም ግምገማ ላይ ናቸው” አለ።

“እስከ መቼ?” አለ ባሳ።

“እስኪገመገሙ።”

ጋሽ ገብሬ ዱካቸው ላይ ተመቻችተው ወደ ላይ አንጋጠጡ። “ተስፋዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ዛፍ የሚያስቆርጠው የተከለው ነው በለው።”

ጋሽ አንጁሎ ከአጥሩ ወዲህ በክንድ ርቀት ቆመዋል። እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ግን ወደኔ አንጋጠው ጠበቁ። “ታ ናኣው፣ ምን አለ?” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

“ዛፍ የሚያስቆርጠው የተከለው ነው ይላሉ።”

“ዛፉን ይትከል፣ ማን ከለከለው። ማድ ቤቴን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ በለው።”

ጋሽ ገብሬም ሰምተው ጠበቁ። የኩርፊያ ሕግ ነዋ። የተዘጋ ሰው የተዘጋውን አይሰማም፤ የሚሰማው መልእክተኛውን ነው። እንዲህ እያልን ፀሐይዋ ወደ አናት ወጣች። እኔ ከላይ ሆኜ አንዱን ንግግር ሁለት ሁለት ጊዜ አደርሳለሁ፣ ልቤ ግን መናኸሪያ ነው። “ማቲዎስ፣ ሽማግሌዎቼን ሂድና ተቀበልልኝ። አንዱ አንካሳ ነው፣ ሌላው ቀይ ጃኖ ይለብሳል” ብዬ ላክሁት።

መልእክቱ እየከረረ መጣ። ጋሽ አንጁሎ ጣታቸውን አነሱ። “እንደሱ ያለ ደረቅ ሰው አህያ እንኳ አይችለውም በለው።”

“ጋሽ ገብሬ፣ ጤናዎትን ይስጥልን ብለዋል” አልኩ።

“እንደዚያ አላለም” ብለው ዘለሉ ጋሽ ገብሬ።

“ታዲያ ምን አሉ? ሰሙ እንዴ?”

ጋሽ ገብሬ አፋቸውን ከፈቱ። ሰምቻለሁ ቢሉ ኩርፊያው ፈረሰ። አልሰማሁም ቢሉ የኔ ቃል ጸና። መልሰው ዘጉት። ባሳ ከግራቪላው ሥር በሳቅ ገመዱን ሊለቅ ምንም አልቀረው።

ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ሥልጣን አገኘሁ። አንዱ “ሌባ” ሲል “ወንድሜ” ብዬ አደርሳለሁ። ሌላው “ይድፋው” ሲል “ዕድሜ ይስጠው ብለዋል” እላለሁ። ሁለቱም ያጉረመርማሉ፣ ግን ሊያርሙኝ አይችሉም። መካከል ላይ ጋሽ ገብሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እናቴ ስትሞት ለቅሶ መጣ። የሁሉንም እጅ ጨበጠ፣ የኔን ዘለለ። እንኳን ጎረቤት ጠላት እንዲህ አያደርግም። ይኼን ግን አትንገረው።”

ጋሽ አንጁሎ ሁሉንም ሰምተዋል። አንጋጠው “ምን አለ?” አላሉኝም። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ማየት ጀመሩ። እኔም አላደረስኩም።

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሚስቶቹ አዘኑልኝ። ሲባጎ ለቀቅኩላቸው። እማማ ዘነበች የተቀቀለ ቦዬ፣ የኛን አገር ሥራ ሥር፣ በዳጣ አስረው ላኩ። እማማ ማርታ ቆጮ በአይብ። ሁለቱም ባሎች የማንን አስቀድሜ እንደምጎርስ አፍጥጠው ያዩኛል። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጄ ይዤ እኩል ወደ አፌ ከተትኩ። ሊያንቀኝ ነበር። ባሳ “በርታ ሙሽራው፣ ገና አማት ቤት ሌላ ይጠብቅሃል” ይለኛል።

ማቲዎስ ተመለሰ። ከእርምጃው አወቅሁት፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

“ሄደዋል” አለ። “መናኸሪያ ላይ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ‘አስጠርቶ የማይቀበለን ልጅ ንቆናል’ ብለው በመጡበት መኪና ተመልሰዋል። ጥበቃው ነው የነገረኝ።”

ጋሽ ገብሬ ምንም ሳይገባቸው “ተስፋዬ፣ ንገርልኝ” ሲሉ ፈነዳሁ። “አልናገርም! ከእንግዲህ መልእክተኛ አይደለሁም። የኔን ሽማግሌዎች መለሳችሁብኝ። ነገ ለሱቀኛ ይሰጧታል። ሁለታችሁም ሚስት አላችሁ፣ እኔ አቮካዶ አለኝ።” ከዚያ አለቀስኩ። ግንዱን አቅፌ፣ እንደ ሕፃን። የኔ አባት ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር እያልኩ አለቀስኩ።

ባሳ እንኳ ቀልድ አጣ። እማማ ማርታ አዝነውለት ለእሱም ቆጮ ይዘው መጡ። ባሳ ቆጮውን ለመቀበል አንድ እጁን ከገመዱ ላይ አነሳ።

በዚያው ቅጽበት ነው ቅርንጫፉ የጮኸው። ነፋስ ነካው፣ የቀረው እንጨት መሰንጠቅ ጀመረ፣ ክብደቱ በገመዱ ላይ መጣ። ጥምጥሙ በግራቪላው ላይ ተንሸራተተና ባሳን ከነቆጮው መሬት ለመሬት ይጎትተው ጀመር። ጋሽ አንጁሎ ዘለው ገመዱን ያዙ። ማቲዎስ ገና ከውጭ በር እየሮጠ ነው፤ ብቻቸውን አልቻሉም። ቅርንጫፉ ወደ ማድ ቤቱ ሲያጎነብስ ከጉሮሯቸው የወጣው “ተስፋዬ ንገረው” አልነበረም።

“ገብሬ! ገብሬ ድረስ!”

“መጣሁ” አሉ ጋሽ ገብሬ። ከዱካው ተነስተው በዚያ ዕድሜያቸው አጥሩን ዘለሉ። ሱሪያቸው አጥሩ ላይ ቢቀር እንኳ አይዞሩም ነበር። ሦስቱም ገመዱን እንደያዙ ቅርንጫፉ ከግንዱ ተገነጠለ። ጫፉ በገመዱ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ከግንዱ የተገነጠለው ወፍራሙ በኩል ደግሞ ተወናጭፎ በጋሽ ገብሬ ግቢ ዱካውን እንክትክቱን አወጣው። ከዚያ ቀስ እያሉ አወረዱት። ማድ ቤቱ ተረፈ። ቅጠሉ ግን እማማ ማርታ አጥበው ባሰጡት የጋሽ አንጁሎ ሙሉ ልብስ ላይ ተኛበትና ጭቃ ውስጥ ለወሰው።

ጋሽ ገብሬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው የዱካውን ስብርባሪ አዩ። “እሱ ላይ ነበርኩ” አሉ።

“ነበርክ” አሉ ጋሽ አንጁሎ።

ይኸው ነው የተናገሩት። ወዲያው ሁለቱም አፈሩና አንዱ ወደ ዛፍ፣ ሌላው ወደ ቆርቆሮ ዞሩ። ማቲዎስ መሰላሉን አምጥቶ አወረደኝ። እግሬ መሬት ሲነካ እማማ ማርታ ወገባቸውን ይዘው በባሎቹ ፊት ቆመው ነበር። “የሰው ልጅ ትዳሩን በላችሁት” አሉ። “ሽማግሌውን የመለሰ ሰው ራሱ ሽማግሌ ይሆናል። ተነሱ፣ በዴሳ ሂዱ።” እማማ ዘነበች ከአጥሩ ወዲያ “አሁኑኑ” ብለው ጨመሩ። በዚህ ሀገር ሁለት ሴቶች ከተስማሙ ቀበሌም አያስፈልግም።

በሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ያስፈልጋል ስለተባለ ባሳም ተጨመረ። የጋሽ ገብሬን አሮጌ ካፖርት ለበሰና ዱላ ያዘ፤ ካፖርቱ ጉልበቱን አልፎ ነበር። ሙሉ ልብሳቸው የተበላሸባቸው ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ሌላ ስላልነበራቸው የጋሽ ገብሬን ጋቢ ደረቡ። የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሰንበቴ የሚሄድ መስሎ ወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ እኔን መካከል አስቀመጡኝ። “ተስፋዬ፣ መስኮቱን ይዝጋው በለው።” “ተስፋዬ፣ ሞቆኛል በለው።” እስከ በዴሳ እንዲሁ ሄድን። ልጠይቅ የሄድኩት ሚስት ነው፣ በልቤ ግን ሁለት ልጆች ያሉኝ ያህል ደክሞኛል።

በደንባችን ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም። እኔ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቀረሁ። ስለዚህ የቀጠለውን በዓይኔ አላየሁም። ባሳ ነግሮኛል፣ አስቴርም ከጓዳ ሆና የሰማችውን ነግራኛለች። ሁለቱ የተስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ባሳ ለብቻው የነገረኝን ብጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሦስቱ በር ላይ ቆሙ። አቶ ሻንካ “ቁጭ በሉ” ከማለታቸው በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ። “በመካከላችሁ ቂም አለ?”

ቂም ይዞ የሰው ትዳር መለመን በኛ ዘንድ ጎሜ፣ ማለትም እርግማን የሚያመጣ ነውር ነው፣ መዘዙ በሚጋቡት ልጆች ላይ ይደርሳል ይባላል። መልሱ የታወቀ ነው። “የለም” ተብሎ ይታለፋል።

ጋሽ ገብሬ ግን “አለ” አሉ።

ባሳ ዱላው ከእጁ አመለጠው። ጋሽ አንጁሎም “እውነቱን ነው። አለ” አሉ።

“ታዲያ ምን ልትለምኑ መጣችሁ?” አሉ አቶ ሻንካ ተገርመው። “ውጡ፣ ጨርሳችሁ ግቡ።”

ግቢው ውስጥ ከተከመረው የበቆሎ ጆንያ አጠገብ ቆሙ። ባሳ በመካከላቸው ገብቶ “ንገሩኝ፣ አደርሳለሁ” ቢል ጋሽ ገብሬ በክርናቸው ገፉት። “ለዚህ ልጅ ብዬ መዋሸት እችል ነበር” አሉ ፊት ለፊት ወደ ጋሽ አንጁሎ እያዩ። “ግን የኛ ቂም በልጆቹ ላይ ቢያርፍ ምን ብዬ እኖራለሁ? በእናቴ ለቅሶ እጄን አልጨበጥክም።”

“አልጨበጥኩም። እጄ እምቢ አለኝ” አሉ ጋሽ አንጁሎ። “እናትህ እኮ ልጆቼን ያዋለደች ናት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ማርታን ጠይቃት።” ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አወጡና ዘረጉ። “ጌታ ያጽናናህ፣ ታ ኢሻው” አሉ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

“አሜን” አሉ ጋሽ ገብሬ፣ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው። እንባቸው መጣ። “እኔም በእንግዳህ ላይ መሳቄ...” ብለው ጀመሩ። ግን “ከላይ ላክልን” የሚለው ትዝ አላቸውና ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ሊይዙት ሞከሩ፣ አልተቻለም። ያ ማቆሚያ የሌለው ሳቅ መጣ። ባሳ “አለቀልን” አለ። ጋሽ አንጁሎ መጀመሪያ ኮስተር አሉ፣ ቀጥሎ አፍንጫቸው ነፋ ነፋ አለ፣ መጨረሻ ላይ ጆንያው ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። “ሰባኪው እኮ አሜን ብለው ነው የቀጠሉት” አሉ በሳቅ መካከል።

ተመልሰው ገቡ። “አሁንስ?” አሉ አቶ ሻንካ።

“የለም” አሉ ሁለቱም።

ተቀመጡና ልመናው ተጀመረ። አቶ ሻንካ እስከ መጨረሻ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጁን አልጠላሁትም። ግን ነግሬያችኋለሁ፣ የሚወድቅ ሰው ነው።”

ጋሽ ገብሬ ከመቀመጫቸው ተነሱ። “ጌታዬ፣ እኔ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መሰላሉን ወስጄበታለሁ። በገዛ እጄ። ቅርንጫፍ ከአጠገቡ ተገነጠለ፣ አልወደቀም። አልቅሷል፣ አልወደቀም። ሁለት ቤት ያበላውን ባንድ ጊዜ ጎርሶ ሊታነቅ ነበር፣ አልወደቀም። ይኼ ልጅ መውደቅ ቢችል ኖሮ እኔ ጥዬው ነበር።”

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። “እሺ” አሉ አቶ ሻንካ መጨረሻ ላይ። “ካገባ በኋላ ግን ዛፍ ላይ አይወጣም። መሬት ላይ ሆኖ ገመድ ይያዝ። ማን ይወጣለታል?”

ባሳ በካፖርቱና በዱላው ምክንያት ራሱን እውነተኛ ሽማግሌ አድርጎ ነበርና ደረቱን መታ። “እኔ እወጣለሁ” አለ። ባሳ በሕይወቱ ከወንበር በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ አምፖል እንኳ የምትቀይርለት እህቱ ናት። ግን ቃሉ ከአፉ ወጣ። በሽማግሌ ጉባኤ የተነገረ ደግሞ አይታጠፍም። አስቴር ተጠርታ “ምን ትያለሽ?” ስትባል “ከወረደ እሺ” አለች። አቶ ሻንካን ጨምሮ አራቱም ሻይ ቤቱ ድረስ መጥተው ሲስሙኝ ሻዬን ራሴ ላይ ደፋሁት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ልጆች አሉን። የቦምቤዎቹን ሽማግሌዎች እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ በሠርጉም ቀን የክብር ቦታ ይዘዋል። እኔ ያን ቀን ሁለት አባት አግኝቻለሁ ብል አልዋሸሁም፤ ታምሜ ስተኛ አንዱ በዕለተ ሰንበት ጸበል፣ ሌላው ጸሎት ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፣ ሁለቱንም አልመልስም ነበር። ዛሬም ሰው ተዘጋጋ ሲባል ስሰማ “ለቅሶ ላይ ተጨባብጠዋል?” ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው ያለው። ሰው የሚጣላው በቅርንጫፍ ይመስለዋል። እናንተም የዘለላችሁት እጅ ካለ፣ ዛፍ ላይ የሚያለቅስ ሰው ሳትጠብቁ ሂዱና ጨብጡት።

ከሠርጋችን በኋላ የመጀመሪያው ሥራችን ሰኞ ዕለት አንድ የመብራት ሽቦ የነካ ግራቪላ ነበር። ባሳ መሰላሉን ወጣ። አራተኛው እርከን ላይ ዐይኑን ጨፈነ። ጋሽ ገብሬና ጋሽ አንጁሎ ሊያዩት ጎን ለጎን ቆመው እርስ በርስ እየተከራከሩ “በግራ እግሩ ይጀምር” “የለም፣ በቀኝ” ይባባላሉ።

“ተስፋዬ፣ ይዘኸኛል?” አለ ባሳ ከላይ።

“ይዤሃለሁ።”

“አጥብቀህ?”

“አጥብቄ።”

“አስቴር ጥሩ ሚስት ካልሆነችልህ ግን፣ ከዚህ በሕይወት ከወረድኩ አልምርህም።”

ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩለት። ያን ቀን ማንም ቆጮ ቢያቀርብልኝ አልቀበልም ነበር።